ዳክዬ አራት

መንገድ ላይ የተበላሸ መኪና የሚጎትት ድርጅት ውስጥ ሬዲዮ ላይ ቁጭ ብዬ ጎታች መኪኖችን ወዲህ ወዲያ የምልክ ሴት ነኝ። ዘጠኝ መኪኖች አሉን፤ የመጨረሻዋ መኪና ቁጥር ግን አስር ነው። አራት የሚባል የለም። አዲስ የተቀጠረ ሾፌር ሁሉ ሁለት ቀን ሳይሞላው መስኮቴ ላይ ይደገፍና «እትዬ፣ አራት ቁጥር የታለ?» ይለኛል። ለአንዱ፣ አራት ቁጥር ገደል ገብቶ ሾፌሩ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ሻይ ሲጠጣ ተገኘ ብዬዋለሁ። ለሌላው፣ የአንዱን ባለሥልጣን መኪና ልጎትት ብሎ ከነአጥሩ፣ ከነዘበኛው ይዞት ስለመጣ ተባረረ አልኩት። ለሦስተኛው፣ ሚስቱ በፍቺ ወሰደችው አልኩት፤ ከልቡ ያመነኝ እሱ ብቻ ነው።

ውሸት እወዳለሁ፤ ምን እደብቃለሁ። ከትምህርት ጋር ሰባተኛ ክፍል ላይ በሰላም ተለያይተናል፣ ከቅጥፈት ጋር ግን እስከዛሬ አልተለያየንም። አሁን የምነግራችሁን ግን አልዋሽም። ብዋሽም የምዋሸው ዳር ዳሩን ነው፤ መሃሉን አልነካውም።

አባቴ የጭነት አውሮፕላን አብራሪ ነበር። ቤት ውስጥ ስሙ አባዬ ነው፤ ሰማይ ላይ ደግሞ ዳክዬ አራት።

ጠዋት ጠዋት ፊቱን በሳሙና አረፋ ነጭ አድርጎ፣ መላጫውን እንደያዘ፣ እግሮቹን ወደ ውጭ ጠምዝዞ እንደ ዳክዬ እየተንገዋለለ ከመታጠቢያ ቤት እስከ ማዕድ ቤት ይመጣና ለእናቴ «ማማ፣ ማማ፣ ዳክዬ አራት ነኝ፤ ለማረፍ ፈቃድ እጠይቃለሁ» ይላታል። እናቴ የበረራ ተቆጣጣሪ ነበረች፤ አውሮፕላን ማረፊያው ማማ ላይ ተቀምጣ ለአውሮፕላኖች «ውረድ፣ ቆይ፣ ከፍ በል» የምትል። ቢላዋዋን ሳታስቀምጥ «ዳክዬ አራት፣ መንደርደሪያው እርጥብ ነው፣ ወለሉን አሁን ነው ያጸዳሁት፤ ተመለስ» ትለዋለች። እኔ በሳቅ ከወንበሬ ልወድቅ እደርሳለሁ።

«ለምን ዳክዬ አሉህ?» እለዋለሁ።

ሁሌ የተለየ ነገር ነው የሚነግረኝ። አንድ ቀን፣ የድርጅቱ የመጀመሪያ አውሮፕላን ጎርፍ ላይ ወርዶ፣ ዋኝቶ፣ ክንፉን አራግፎ፣ ራሱ እየተራመደ ጋራዥ ገባ ይለኛል። ሌላ ቀን ደግሞ፣ አፍንጫው ጠፍጣፋ ስለሆነ ዳክዬዎች ዘመዳቸው መስሏቸው አጅበውት ይበሩ ነበር ይላል። ቅጥፈት ከማን እንደወረስኩ አሁን ሳይገባችሁ አይቀርም።

«አትስሚው» ትላለች እናቴ። «እያንዳንዱ የአውሮፕላን ድርጅት የሬዲዮ ስም ያወጣል፤ ሃያ አውሮፕላን ባንድ ሞገድ ሲያወራ ማን ማን እንደሆነ እንዲለይ። የነዚህ አለቃ ስም ሊያስመዘግብ ሲሄድ ንስር ተይዟል፣ አንበሳ ተይዟል፣ መብረቅ ተይዟል። አርፍዶ ስለደረሰ ዳክዬ ቀረችው።»

«የወታደር አውሮፕላኖቹስ ስም?»

«የነሱማ በዕጣ ነው» ይላል አባቴ። «ስሙን የሰማ ጠላት ምን እንደመጣበት እንዳያውቅ። ባለፈው ሰማይ ላይ ማን ጋር እንደተገናኘሁ ታውቂያለሽ? ትራስ ሁለት። ቦምብ ተሸክሞ ‹ትራስ ሁለት ነኝ› ይለኛል።»

«እሺ አራቱስ? አንተ ለምን አራት ሆንክ?»

አባቴ አረፋውን በጣቱ ጠርጎ አፍንጫዬ ላይ ለጠፈና «አራቱማ እኔ ነኝ» አለኝ። «ሰማይ ላይ ዳክዬ አራት ሲባል ከሰማሽ፣ እኔ ነኝ ማለት ነው።»

ያቺን ነገር ባይላት ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራም ነበር። አራት የአባቴ ቁጥር አልነበረም። የጉዞው ቁጥር ነው፤ ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሚሄደው የጭነት በረራ ቁጥር። እሱ እረፍት ሲወጣ ሌላ ሰው ዳክዬ አራት ይሆናል፤ እሱም ሐሙስ ቀን በሌላ መንገድ ሲበር ዳክዬ ዘጠኝ ነው። ይህን የሙያው ሰው ሁሉ ያውቃል። ግን ሳሙና አፍንጫዋ ላይ ተለጥፎ ለምትስቅ ልጅ ማን ይህን ቁጭ ብሎ ያስረዳል?

ዘጠኝ ዓመት ሊሞላኝ ሲል፣ በክረምት መግቢያ፣ አክስቴ ከትምህርት ቤት ወሰደችኝና ሦስት ሳምንት እሷ ቤት ቆየሁ። ምክንያቱን ስጠይቅ ብስኩት ይሰጠኛል። ብዙ ብስኩት በላሁ። አንድ ቀን አክስቴ እኔን ልብስ ልታስለውጠኝ ቤታችን ስትወስደኝ፣ በሩ ላይ ጫማ ተደርድሮ ነበር፤ ሳሎኑ ከየጎረቤቱ በመጣ ወንበር ሞልቷል፣ ሰው ሁሉ ቁጭ ብሎ መሬት መሬት ያያል። ድግስ መስሎኝ ሳልጠራ በመቅረቴ አኮረፍኩ።

ስመለስ የአባቴ መላጫ ከመደርደሪያው ላይ የለም። ወፍራሙ ካፖርቱ ከሚስማሩ ላይ የለም። እናቴ ማዕድ ቤት ቁጭ ብላ ድንች ትልጣለች።

«አባዬስ?»

«በረራ ላይ ነው።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«ሩቅ ነው የሄደው።»

«ካፖርቱን ይዞ ነው? ብርድ አገር ነው?»

እናቴ አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችውና ድንቹን መላጥ ቀጠለች። ልጣጩን ጨርሳ ውስጡን ላጠችው፤ ውስጡን ጨርሳ እንደገና ላጠችው፤ ድንቹ የለውዝ ፍሬ አከለ። «አዎ» አለች በመጨረሻ፣ «ብርድ አገር ነው።»

ነገ እነግራታለሁ ብላ እንደነበር ከብዙ ጊዜ በኋላ ነግራኛለች። በማግስቱም ነገ አለች። ሰው አንዴ ነገ ማለት ከጀመረ ማቆሚያ የለውም፤ እኔም የጥርስ ሐኪም ቀጠሮዬን እንዲሁ ነው ሦስት ዓመት ያስተኛሁት።

ብዙም ሳይቆይ እናቴ ዝውውር ጠየቀችና ማንም ወደማያውቀን ትንሽ ከተማ ሄድን። በሳምንት አምስት አውሮፕላን ቢያርፍ የሚበዛበት ማረፊያ ነው። ቀሪው በላዩ ላይ እያለፈ የሚሄድ ነው፤ እናቴም ለአላፊ አግዳሚው «እለፍ» ትላለች። ቤታችን ሁለት ክፍል፣ ከሽቦ አጥሩ ጥግ። በማዕድ ቤቱ መስኮት ማማው ይታያል፤ ከውሃ ታንከር እምብዛም አይበልጥም። እናቴ ገና ሳልነቃ ትወጣለች፣ ሲመሻሽ ትመለሳለች። እኔ ቁልፍ በክር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ከትምህርት ቤት እመጣለሁ፣ በሩን እከፍታለሁ፣ «መጣሁ» እላለሁ። ማንም የለም። ቧንቧው ያንጠባጥባል። ከእሱ ጋር ማውራት ጀመርኩ፤ የማያቋርጠኝ እሱ ብቻ ነበር።

ከቧንቧው ጋር ማውራት ያስተወኝ ጋሽ ሽቦ ነው። ከቤታችን ፊት ለፊት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል። ቀጭን፣ ረጅም፣ መነጽሩ ግንባሩ ላይ ሆኖ መነጽሩን የሚፈልግ ሰው። ስሙን ሰፈሩ ነው ያወጣለት፤ እሱም ወዶታል፣ በሱቁ በር ላይ አጽፎታል። ለማረፊያው የእሳት አደጋ መኪና የእጅ ሬዲዮ የሚጠግነውም እሱ ነው፤ ደህና ገቢው ይኸው ነበር። በየቀኑ ሱቁ ደጃፍ ሄጄ እቆማለሁ። መጀመሪያ «ምን ፈለግሽ?» ይለኝ ነበር፣ በኋላ ዝም አለ፣ በኋላ በርጩማ ገዛልኝ።

«አንቺ ቀጣፊት፣ ቤት ሰው የለም?»

«አለ። ሰባት ወንድሞች አሉኝ። ስለሚማቱ ነው የወጣሁት።»

«ሰባቱም ድምፅ አልባ ናቸው መሰለኝ፤ አንድም ቀን ሰምቻቸው አላውቅ።»

አንድ ቀን መሳቢያው ውስጥ የነበረ አሮጌ ሬዲዮ አወጣ፣ ጀርባውን ከፈተ፣ ውስጡን በመበየጃው ነካ ነካ አደረገና አቀበለኝ። «የእናትሽ ድምፅ ሲናፍቅሽ፣ መርፌውን እዚህ ጋ አድርጊው። ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ፤ ለሷም ጭምር። ክልክል ነው።»

ወሰድኩትና አልጋዬ ስር ገብቼ ከፈትኩት። ሽሽሽ አለ። ከዚያ እናቴ። ቤት ውስጥ ቃል እንደ ስኳር የምትቆጥበው እናቴ፣ እዚያ ግን ድምፅዋ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ፣ ጥርት ያለ። «ቀስተ ደመና ሁለት፣ ነፋሱ ከምሥራቅ ነው፣ መውረድ ትችላለህ።» አልጋ ስር ሆኜ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ፤ እኔን ያዘዘችኝ መሰለኝ።

ማክሰኞ በአስር ሰዓት ነው ነገሩ የመጣው።

«ማማ፣ ዳክዬ አራት ነኝ። ደህና ዋልሽ።»

ክው አልኩ። ጭንቅላቴ ከአልጋው ብረት ጋር ተጋጨ፤ ጠባሳው አሁንም አለ፣ ሾፌሮቹን ጥይት ነው ብያቸዋለሁ።

«ዳክዬ አራት፣ ደህና ዋል» አለች እናቴ። «ከፍታህን ጠብቅ፣ መንገድህን ቀጥል።»

በቃ። ይህችው ናት። ግን ልብ በሉ፣ ሌሎቹ አብራሪዎች ከፍታቸውንና አቅጣጫቸውን ተናግረው ይሄዳሉ፤ እናቴን «ደህና ዋልሽ» የሚላት እሱ ብቻ ነው። ቀስ ብሎ፣ ለታመመ ሰው እንደሚናገር። እናቴም «ደህና ዋል» የምትለው ለእሱ ብቻ ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ? አባቴ ብርድ አገር ይኖራል፣ በሳምንት ሁለቴ በላያችን ያልፋል፣ እናቴን ሰላም ይላታል።

እርግጥ ድምፁ አስቸገረኝ። ማክሰኞ ጎርናና ከሆነ ዓርብ ቀጭን ይሆናል። ጉንፋን ነው አልኩ። ከዚያ ከፍታ ነው አልኩ፤ ሰው ከፍ ባለ ቁጥር ድምፁ እየሳሳ ይሄዳል ብዬ ለራሴ አስተማርኩ፣ ክፍል ውስጥም ይህንኑ ስናገር መምህሩ ጭምር ለአፍታ አመነኝ።

ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሦስቱም የአባቴ ባልደረቦች፣ ቤታችን መጥተው የበሉ። ማማው ላይ ማን እንደተቀመጠች ያውቃሉ።

አንድ እሑድ ትልቅ ቦርሳ የያዘ ሰው ከአባቴ ድርጅት መጣ። እናቴ ወደ ጓዳ ላከችኝ፤ እኔም ሄድኩ፣ ጆሮዬን ግን መጋረጃው ጋ ተውኩት።

«ቁጥሩን ብናነሳው ምን ይመስልሻል?» ይላል ሰውዬው። «ልማዱም እንደዚያ ነው። ልጆቹ በጣም ከብዷቸዋል። በፈቃዱ የሚወስደው ስለጠፋ በዕጣ አድርገነዋል።»

«እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይቆያል ብላችሁኛል።»

«ብለናል።»

«ምን እናድርግልሽ ስትሉኝ ሌላ የጠየቅኳችሁ ነገር አለ?»

የቦርሳው ማሰሪያ ቀጭ ሲል ሰማሁ። «የለም» አለ ቀስ ብሎ። «ሌላ ምንም አልጠየቅሽንም።»

እኔ መጋረጃው ኋላ ሆኜ ነገሩን ገጣጠምኩት። አባዬን ከሥራ ሊያስወጡት ነው፤ እማዬ እየተሟገተችለት ነው። ደግሞም ቤት የማይመጣው ማንም ቦታውን በፈቃዱ ስለማይተካለት ነው። በዕጣ! ደክሞታል። አንድ ጊዜ እዚህ ቢወርድ ማን ይቆጣዋል? መንደርደሪያው እንደሆነ ባዶ ነው፤ ፍየል ሲያልፍበት ነው የሚውለው።

ትምህርት ቤት ውስጥ በዚህ ጊዜ ስሜ ገኖ ነበር። ከእኔ በቀር የአውሮፕላኖችን የሰማይ ስም የሚያውቅ የለም። በእረፍት ሰዓት ከበው ያዳምጡኛል። ቀስተ ደመና የተባለው፣ አብራሪው ዝናብ ሲያቆም ብቻ ስለሚነሳ ነው እላለሁ። ወታደሮቹ ትራስ የተባሉት አዛዣቸው ስብሰባ ላይ ተኝቶ ስለተያዘ ነው እላለሁ። ዳክዬን ግን እንደ አባቴ ነበር የምናገረው፣ አንድ ቃል ሳልጨምር።

ጥርሶ የሚባል ልጅ ነበር፤ የፊት ጥርሶቹ ከእሱ ቀድመው ክፍል የሚገቡ። አንድ ቀን ሁሉም ሲሰማ «አባትሽ ዳክዬ አራት ከሆነ ለምን አይወርድም?» አለኝ።

«ሥራ ላይ ነዋ!»

«በሳምንት ሁለቴ ቤቱ ላይ እያለፈ? የኔ አባት እኮ የጭነት መኪና ነው የሚነዳው፤ በሰፈራችን ካለፈ ጡሩምባ ነፍቶ፣ ወርዶ፣ ሻይ ጠጥቶ ነው የሚሄደው።»

ሳቁ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ «ዓርብ በአስር ሰዓት ይወርዳል» አልኩ። «አጥሩ ጋ ኑና እዩ።»

አፌ ካለው በኋላ ነው ልቤ የሰማው። ግን እመኑኝ፣ ጥርሶን ለማሳፈር ብቻ አልነበረም። ካልኩ በኋላ ፈለግኩት። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ከዚያ በቀር ሌላ ነገር አላሰብኩም። በሩን እንዴት እንደሚያንኳኳ፣ ካፖርቱን የት ሚስማር ላይ እንደምሰቅልለት። ሚስማሩንም መታሁት፤ ጠማማ ሆነ።

ዓርብ ግማሽ ክፍሉ አጥሩ ላይ ተደረደረ። እኔ ከማዶ ጋሽ ሽቦ ሱቅ ውስጥ ነኝ። የእሳት አደጋዎቹ የእጅ ሬዲዮ፣ የሚጫኑበት ቁልፍ አልነሳ ብሎ መጥቶ፣ ጋሽ ሽቦ ጠግኖት ጠረጴዛው ላይ ቆሞ በቀስታ ያንሾካሹካል። እሱ አንድ የተሠራ ቴሌቪዥን ታቅፎ ሊያደርስ ወጣ።

«ሱቁን ጠብቂ። ምንም እንዳትነኪ።»

«እጄን ኪሴ ውስጥ አድርጌያለሁ» አልኩት። ኪስ ያለው ቀሚስ አልነበረኝም።

ሬዲዮው ውስጥ ቀስተ ደመና ሁለት ለማረፍ ተቃርቤያለሁ ይላል፤ አነስ ያለች የመንገደኞች አውሮፕላን ናት። እናቴ ቅረብ ትለዋለች። ወዲያው፦

«ማማ፣ ዳክዬ አራት ነኝ። ደህና ዋልሽ።»

«ዳክዬ አራት፣ ደህና ዋል። ከፍታህን ጠብቅ፣ መንገድህን ቀጥል።»

ሊያልፍ ነው። ሬዲዮውን በሁለት እጄ አነሳሁት፤ ከጡብ ይከብዳል። ቁልፉን ተጫንኩ። ስንት ወር አልጋ ስር የተማርኩትን በሥርዓቱ አልኩ።

«ዳክዬ አራት፣ ዳክዬ አራት። አባዬ፣ እኔ ነኝ። ውረድ። ዛሬ ብቻ ውረድ።»

ቁልፉን ለቀቅኩና ጠበቅኩ።

ሽሽሽ። ማንም የለም። እንደዚያ ያለ ዝምታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። አባዬ እያሰበ ነው አልኩ። መሪውን እየጠመዘዘ ነው አልኩ። ያቺ ቀስተ ደመና ሁለት በመሃል ገብታ «ማማ፣ ለማረፍ ፈቃድ?» አለች። ዝም። እናቴም ዝም፣ እሱም ዝም። «ማማ፣ ቀስተ ደመና ሁለት፣ አትሰሚኝም?» ዝም። «ቀስተ ደመና ሁለት፣ ማረፉን ትቼ ወደ ላይ እየወጣሁ ነው!»

በሩ ላይ ዘልዬ ወጣሁ። አውሮፕላኗ ጎማዋ መሬት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው አፍንጫዋን አንስታ፣ እየጮኸች፣ በልጆቹ ራስ ላይ አለፈች። አቧራ አለበሰቻቸው። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ለእነሱ አንድ አውሮፕላን ሊወርድ መጥቶ ነው የተመለሰው፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ በምን ያውቃሉ?

«ሊወርድ ነበር» አለ ጥርሶ። ለማሾፍ እንኳ አልነበረም፤ ከልቡ ገርሞት ነው። «ሊወርድ ነበር እኮ። አንቺን ሲያይ ነው የተመለሰው።»

እጄ ውስጥ ያለው ሬዲዮ ያኔ ተናገረ። እናቴ ናት። ድምፅዋ እንደገና ማስመሪያ ሆኗል። «ቀስተ ደመና ሁለት፣ ተቀብያለሁ፤ ዙርና እንደገና ቅረብ። ዳክዬ አራት፣ መንገድህን ቀጥል።»

«እቀጥላለሁ» አለ ሰውዬው። ቀጭኑ ነበር። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ይቅርታ» አለ። ለማን እንዳለው አላወቅኩም።

ጋሽ ሽቦ ሲመለስ ሬዲዮውን እጄ ላይ አየ። አልጮኸም። በርጩማዬ ላይ ተቀመጠ፤ ጉልበቶቹ አገጩ ጋ ደረሱ። «ምነው ቀጣፊት» አለኝ፣ «ምነው እኔን እንኳ ብታማክሪኝ።» ለጠየቁት ሁሉ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ክፍት ትቼው ሄድኩ አለ። ማረፊያው ከዚያ ወዲህ አንድ ሬዲዮ አላመጣለትም።

እናቴ ጀንበር ሳትጠልቅ ከአለቃዋ ጋር መጣች። እኔ መጋረጃዬ ኋላ ነኝ።

«የልጅቷን ነገር ተይው» ይላል አለቃው፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ያሽከረክራል። «ልጅ ናት። ንግግሩ የተቀዳበትን ካሴት ሦስት ጊዜ ሰማነው። አስራ አንድ ሰኮንድ ነው ዝም ያልሽው። ሰው የጫነ አውሮፕላን ሲጠራሽ፣ አስራ አንድ ሰኮንድ! የት ነበርሽ?»

«ማማው ላይ።»

«ምን ስትሠሪ?»

እናቴ አልመለሰችም። እኔ በሆዴ እስከ አስራ አንድ ቆጠርኩ። ቶሎ አለቀ። ለዚህች ነው ይህ ሁሉ ቁጣ? አልኩ።

እሱ ከሄደ በኋላ መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ጥፊ ጠብቄ ጉንጬን አዘጋጅቼ ነበር።

«ስንት ጊዜ ሰማሽው?» አለችኝ።

«ማን?»

«ዳክዬ አራትን።»

«ሁሌ። ማክሰኞና ዓርብ።»

«ሁሌ» አለች። እጇን አፏ ላይ አደረገች። «እዚሁ? ብቻሽን?»

«አባዬ ለምን አልወረደም?»

«አይችልም የኔ ልጅ።»

«ጠልቶን ነው?»

«አልጠላንም። ማንንም አልጠላም እሱ።» እንደገና አፏን ከፈተች፤ ጠበቅኳት። ጫማዬን አወለቀችልኝ፣ ብርድ ልብሱን ጎትታ አለበሰችኝ። ውጭ ገና ብርሃን ነበር።

ማክሰኞ በአስር ሰዓት አልጋ ስር ገባሁ። መጀመሪያ የሰማሁት የማላውቀው ወንድ ማማው ላይ ሲያወራ ነው፤ እናቴን ወደ ምድር ቤት አውርደው የአየር ሁኔታ ወረቀት እንድትሞላ አድርገዋታል፣ ጡረታ እስክትወጣም ሬዲዮ አልነካችም። ከዚያ ደግሞ፦

«ማማ፣ ዳክዬ ሃያ ስድስት ነኝ።»

ደህና ዋልክ አላለም። ከፍታውን ተናገረና ሄደ። የሞተሩን ድምፅ ከጣራችን በላይ ሰማሁት፤ ያው ሞተር ነው፣ ያው ሰዓት ነው፣ ያው መንገድ ነው። ስሙ ብቻ ነው የተቀየረው።

ተረዳሁ። እንዳላገኘው ስሙን ቀየረ።

እስከ አስራ ሁለት ዓመቴ ድረስ የማውቀው እውነት ይህ ነበር። አባቴ ስለጠራሁት ስሙን ቀየረ። ያቺን መርፌ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስንት ጊዜ እንዳዞርኳት እኔ ነኝ የማውቀው፤ ሌላ ሞገድ ላይ፣ ሌላ ሰው ደህና ዋልሽ ሲል እይዘው ይሆናል ብዬ። ትራሶችን ሰማሁ፣ ንስሮችን ሰማሁ። ትምህርት ቤት ማውራት አቆምኩ። ጥርሶ እንኳ ሆዱ ባባልኝና «ዛሬ ምንም አትዋሺም እንዴ?» ይለኝ ጀመር።

አስራ ሁለት ሲሞላኝ እናቴ ልብስ እያጠበች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ። ዝናብ ነበር፣ ተራራ ነበር፣ ማንም አልተረፈም። መቼ አልኳት። ነገረችኝ። በጣቴ ቆጠርኩ። እኔ አክስቴ ቤት ብስኩት ስበላ ነው። እዚህ ከተማ ከመምጣታችን፣ ሬዲዮ ከማግኘቴ፣ ሚስማር ከመምታቴ በፊት።

«ታዲያ ማን ነበር ደህና ዋልሽ የሚልሽ?»

«ጓደኞቹ።»

«አውሮፕላን ከወደቀ ቁጥሩ ይነሳል፤ አንቺስ ለምን እንዲቆይ አደረግሽ?»

የዘፈዘፈችውን ሸሚዝ ጠመዘዘች፣ ጠመዘዘች፤ ውሃው ካለቀም በኋላ ጠመዘዘች። አልመለሰችልኝም፣ እኔም በዚያው ተቀየምኳት። ብዙ ዓመት። ትምህርቱን የተውኩትም፣ ከቤት የወጣሁትም በዚያ ብስጭት ነው፤ ለሌላ ሰው ስነግር ግን ሰርከስ ተቀጥሬ ነው እላለሁ።

አሁን እናቴ ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። አንድ ጆሮዋ ደክሟል፤ ማማው ላይ በነበረችበት ዘመን ሁሉ ማዳመጫ ያደረገችበት ጆሮ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሥራ ስለሌለኝ እሷ ጋ እሄዳለሁ። ብዙ አናወራም። ባለፈው ዓርብ ድንች እየላጥን ነበር፤ እሷ ትልጣለች፣ እኔ እቆርጣለሁ። አውሮፕላን በላያችን አለፈ። እሷ ቀና አላለችም፤ እኔ ነኝ ቀና ያልኩት። እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ያልጠየቅኳትን ጠየቅኳት።

«እማዬ፣ ያን ቀን ድምፄን አላወቅሽውም ነበር?»

የቱን ቀን አላለችም።

«ከመጀመሪያው ቃል ነው ያወቅኩሽ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? አለቃሽ ሲጠይቅሽም አልተናገርሽም። አስራ አንድ ሰኮንድ ምን ስትሠሪ ነበር?»

ድንቹን አስቀመጠች። እጇን በጨርቅ አበሰች፤ አንድ በአንድ፣ ጣት በጣት።

«እኔ በሳምንት ሁለቴ ጠርቼዋለሁ» አለችኝ። «አንድም ቀን እሱ አልነበረም። አንቺ ስትጠሪው ግን፣ በልጁ ድምፅ፣ አባዬ ብለሽ…»

«እ?»

«ይመልስልሽ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ።»